የጂኦፎን ማጉያዬ፦ ከቦርዱ ላይ የወረደውና ያልወረደው

ጥቅምት 2፣ 2018

አሮጌውን ማጉያ ዛሬ ከመደርደሪያ አወረድኩት። አቧራውን እፍ ስለው ግማሹ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ታኅሣሥ 26 ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል 5.7 ገደማ የተለካ ርዕደ መሬት ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ነቀነቀን። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የእኛ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ “አሁን ተንቀጠቀጠ ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የመሰለኝ?” እየተባባለ ከረመ። ክርክሩን የሚፈታ መሣሪያ ቤቴ ይኑር አልኩና ጂኦፎን አስመጣሁ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ከሕፃን ልብስና ከቫይታሚን መሃል ሸጉጣ አመጣችልኝ።

ጂኦፎን ቀላል ዕቃ ነው። ማግኔት አለ፤ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል አለ። መሬት ሲነቃነቅ ማግኔቱ አብሮ ይሄዳል፣ ጥቅሉ ይዘገያል፣ በመሃል ቮልቴጅ ይፈጠራል። የእኔው ኤስኤም-24 የሚባለው ነው። መሬቱ በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ 28.8 ቮልት ይሰጣል። መሬት በሰከንድ 1 ሜትር ከሄደ ግን የሚያስፈልገን ማጉያ ሳይሆን ጸሎት ነው። እኔ የማድነው የማይክሮሜትር ቁርጥራጭ ነው። ቮልቴጁም ከማይክሮቮልት በታች ይወርዳል።

ማጉያውን ያኔ የሠራነው ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ ምድር ቤት የሚኖሩ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቦርዱ ላይ የሌለ ነገር የለም። መጀመሪያ ኦፒ27 የሚባለው የማጉያ ቺፕ መቶ ጊዜ ያጎላል። ቀጥሎ 50 ሄርዝን፣ ማለትም ከመብራት መስመር የሚገባውን ሞገድ፣ የሚቆርጥ ትዊን-ቲ ማጣሪያ። ከዚያ አራተኛ ደረጃ ሎው-ፓስ (ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ)፣ ከዚያ ሃያ ጊዜ የሚያጎላ ሁለተኛ ማጉያ፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች፣ ዜሮውን የምናስተካክልበት ሰማያዊ ትሪመር። ይህ ሁሉ የሚገባው አርዱይኖ የምትባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ 10 ቢት መለኪያ ውስጥ ነው። የአርዱይኖው አንድ እርምጃ 5 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ ምልክቱን በግድ 2000 ጊዜ ማሳደግ ነበረብን። ብዙው ዕቃ የተደረደረው ለምልክቱ ሲባል ሳይሆን ለዚያ ደካማ መለኪያ ሲባል ነው።

አሁን የማስበው ይኼ ነው፦ መለኪያውን እርምጃው እጅግ በሚያንስ 24 ቢት ብቀይረው ከዕቃው ስንቱ ወደ ኮድ ይሄዳል?

ለጋሼ ነገርኳቸው። “አንተ ልጅ፣ ካፓሲተር ነቅለህ ፕሮግራም ልትተክል ነው” አሉኝ። “ካፓሲተሩ ሲበላሽ በሜትር ትለካዋለህ። ፕሮግራሙን በምን ትለካዋለህ?”

መልስ አልነበረኝም።

ጥቅምት 5

ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። ምንም ከመንቀሌ በፊት ኖይዙ፣ ከምልክቱ ጋር የሚቀላቀለው ጫጫታ፣ ከየት እንደሚመጣ ልቁጠር ብዬ።

ማንኛውም ሬዚስተር፣ ምንም ሳይነኩት፣ ሙቀት ስላለው ብቻ ይንሾካሾካል። ጆንሰን ለካው፣ ናይኲስት ቀመሩን አወጣለት፤ ሁለቱም በ1928 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ 1 ኪሎኦም በክፍል ሙቀት 4 ናኖቮልት በ√ሄርዝ። የጂኦፎኑ ጥቅል 375 ኦም ነው። ስፕሪንጉ ቶሎ እንዲረጋ 1 ኪሎኦም ጎን ለጎን አስሬበታለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንደ አንድ 273 ኦም ይቆጠራሉ፤ ኖይዛቸው 2.1 ናኖቮልት ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ይሰጥ የነበረው 28.8 ቮልትም በዚያው ወደ 20.9 ወረደ።

ኦፒ27 የራሱን 3 ናኖቮልት ይጨምራል፤ 10 ሄርዝ አካባቢ 3.5። የማጉያውን መጠን የሚወስነው 100 ኦም ሬዚስተር ደግሞ 1.3። ኖይዝ እንደ ብር አይደመርም፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ትደምርና ሥሩን ታወጣለህ። ደመርኩና 4.3 ገደማ መጣ። እስከ 40 ሄርዝ ድረስ ስጠቀልለው፣ ማለትም በ40 ሥር ሳባዛው፣ 27 ናኖቮልት። ይቺን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት።

ጥቅምት 12

መርካቶ ዋልኩ። 24 ቢቱን መለኪያ፣ ኤዲኤስ1256ን፣ በሰው በሰው አገኘሁት። አርዱይኖውን የሚተካው ትንሽ ቦርድ፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ፣ ቤት ነበረኝ። ኢኤስፒ32 ልጠቀም አስቤ ነበር፤ ዋይፋዩ በላከ ቁጥር ኃይል ስለሚጎትትና ያ ጉተታ ማጉያው ላይ ስለሚታይ ተውኩት።

ሁለት አዳዲስ ኦፒ27ም ገዛሁ። ዋጋቸው ደስ ይል ነበር። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ጥቅምት 19

ነቀላው ተጀመረ። ደስ ሲል!

መጀመሪያ የወረደው ሃያ ጊዜ የሚያጎላው ሁለተኛው ማጉያ ነው። አዲሱ መለኪያ ከአሉታዊ 5 እስከ አዎንታዊ 5 ቮልት ያለውን በ24 ቢት ስለሚከፍለው አንድ እርምጃው 0.6 ማይክሮቮልት ነው። የእኔ 27 ናኖቮልት መቶ ጊዜ ጎልቶ ሲደርስ 2.7 ማይክሮቮልት ይሆናል። ስለዚህ ኖይዙ ራሱ ከአንድ እርምጃ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ማጉላት ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ ትሪመሩ። ኦፒ27 በጣም ቢሳሳት በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮቮልት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢጎላ ጥቂት ሚሊቮልት። የ5 ቮልት ሜዳ ላለው መለኪያ ይህ ምንም አይደለም። ይግባ፣ በኋላ በኮድ እንቀንሰዋለን። ትሪመሩ ከሄደ ደግሞ ዲሲውን (የማይለዋወጠውን ቮልቴጅ) ለማገድ የተቀመጡት ኤሌክትሮሊቲኮችም ሥራ የላቸውም። እነሱማ ድሮም ጠላቶቼ ነበሩ፤ ይንጠባጠባሉ፣ ንጥብጣቡ ደግሞ እንደ ልቡ ነው፣ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሄዶ ይሰፍራል።

ትዊን-ቲውን ስነቅል ትንሽ አዘንኩ። 31.8 ኪሎኦምና 100 ናኖፋራድ ነው። ሒሳቡ በትክክል 50 ሄርዝ ላይ ይወድቃል፤ ገበያ ላይ ያለው ካፓሲተር ግን 5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ነው። ከጋሼ ጋር ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ካፓሲተር እየለካን ጥንድ ጥንዱን ስንለይ ነበር። ያን ሁሉ ልፋት በሁለት ደቂቃ መበየጃ ፈታሁት።

ጥቅምት 20

ሎው-ፓሱም ወረደ፤ ይቺ ግን ማብራሪያ ትፈልጋለች።

ሎው-ፓሱ የነበረው ከመለኪያው ፍጥነት በላይ ያለ ነገር ተመልሶ ታጥፎ እንዳይገባ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ እየለካህ 90 ሄርዝ ከገባብህ 10 ሄርዝ መስሎ ይታይሃል። አንዴ ከገባ የትኛውም ኮድ አይለየውም። ኤዲኤስ1256 ግን በውስጡ በሰከንድ 1.92 ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚለካው። ስለዚህ ከውጭ የምታገደው እዚያ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው፤ ለዚያ 300 ኦምና 100 ናኖፋራድ ይበቃሉ። ሁለት ኦፕ-አምፕ (እንደ ኦፒ27 ያለ የማጉያ ቺፕ)፣ አራት ሬዚስተርና አራት ካፓሲተር የነበረው በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ተተካ።

የቀረውን ፒኮው ይሠራል። በሰከንድ 1000 ናሙና እቀበላለሁ፣ 165 ቁጥር ባለው ኤፍአይአር በሚባል የኮድ ማጣሪያ አጣራለሁ፣ ከየአሥሩ አንዱን እይዛለሁ። በሰከንድ 16,500 ማባዛት ነው፤ ለፒኮ ቁርስ አይሆንም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የፒኮው የራሱ የኃይል መቀየሪያ ጭነት ሲቀንስበት እየቆረጠ እየቀጠለ ይሠራል፤ ይህም መስመሩ ላይ ይንጫጫል። ጂፒ23 የሚባለውን እግር ወደ ላይ ብታደርገው ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ጫጫታው ይቀንሳል። አንዲት መስመር ኮድ ናት።

ጥቅምት 21

ጂኦፎኑን አውጥቼ በቦታው 270 ኦም ሬዚስተር አሰርኩ። ጂኦፎን ካለ መሬቱን ይሰማል፣ ኖይዝ መለካት አይቻልም። ሬዚስተር ግን መሬት ቢናወጥ ግድ የለውም።

27 ስጠብቅ 140 ናኖቮልት መጣ።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። ቀኑ መሸ። ማታ ላይ ነው አዲሶቹ ኦፒ27ዎች ትዝ ያሉኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ጽሑፉ ሥር ሌላ ጽሑፍ የተፋቀበት ጭረት አለ። ሌላ ርካሽ ቺፕ ነው፤ ስም አልብሰውታል።

ጥቅምት 22

ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ከአሮጌ የመለኪያ መሣሪያ የወጣ ቦርድ በኪሎ ከሚሸጥ ክምር ውስጥ አገኘሁ፤ ላዩ ላይ ሦስት ኦፒ27 ተቀምጠዋል። ባለ ሱቁ ቦርዱን ለመዳቡ ነው የያዘው። አንዱን ነቅዬ ተከልኩት። 31 ናኖቮልት! ከወረቀቱ ጋር ተገናኘን።

እግረ መንገዴን የመለኪያውን የራሱን ኖይዝ አየሁ፤ መግቢያውን ዘግቼ 1.2 ማይክሮቮልት። ከማጉያው በኋላ ከሚመጣው 2.7 ጋር ሲቀላቀል ጠቅላላውን አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። ፍሪስ በ1944 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያው ደረጃ በቂ ካጎላ የኋለኞቹ ኃጢአት ይሸፈናል።

ጥቅምት 26

ጋሼ “ፕሮግራሙን በምን ትለካዋለህ?” ያሉት ዛሬ ደረሰ።

ትሪመሩን የሚተካው ኮድ አንድ መስመር ነው፤ ቀስ ብሎ አማካዩን ይከተልና ይቀንሰዋል። በሙሉ ቁጥር ጻፍኩት፣ ፈጣን ይሁን ብዬ። ሲነሣ ከ3 ሚሊቮልት ወደ ዜሮ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ 0.9 ሚሊቮልት ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደ ግትር በቅሎ። ደግሜ አስነሣሁት፣ እዚያው ቆመ።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልዩነቱን በ21 አባዝቼ ለ32,768 ነው የማካፍለው። ልዩነቱ ከ1,560 እርምጃ በታች ሲሆን ውጤቱ ከአንድ ያንሳል። ሙሉ ቁጥር ደግሞ ከአንድ በታች ያለውን ዜሮ ነው የሚለው። 1,560 እርምጃ ሲባዛ በ0.6 ማይክሮቮልት፦ 0.93 ሚሊቮልት! ኮዱ የሠራው ያልኩትን ነው። እኔ ነኝ ፍርፋሪውን የጣልኩት።

የሚከማቸውን ቁጥር በ64 ቢት አድርጌ ፍርፋሪውን ከነክፋዩ እንዲይዝ አደረግሁ። ዜሮ ደረሰ። ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሳቁ። “እና ያው ካፓሲተር ነው በለኛ። እሱም ይንጠባጠባል!” አሉ።

ኅዳር 3

ኖይዙ ጸጥ ብሏል፤ 50 ሄርዝ ግን አለ። ደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ሲሚንቶው ላይ ጂኦፎኑን አስቀምጬ፣ ኬብሉን ወደ ቤት ስቤ ሳበራ ስክሪኑ ሙሉ ሞገድ ሆነ። ኤፍአይአሩ 50 ሄርዝን አራት መቶ ጊዜ ገደማ ይቀንሳል። ግን 20 ሚሊቮልት በአራት መቶ ሲካፈል 50 ማይክሮቮልት ነው። እኔ የማየው 3 ማይክሮቮልት።

ባሰ ደግሞ እሑድ ጠዋት መጣ። ባለቤቴ ምጣድ ስትለኩስ የሞገዱ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሎ ተቆረጠ። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ማጉያው መድረስ ከሚችለው በላይ ተገፍቶ ጣሪያውን መትቷል ማለት ነው። ጣሪያውን የመታ ምልክት ጠፍቷል፤ ምንም ኮድ አይመልሰውም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የኬብሉን የውጭ መረብ እንደ መመለሻ ሽቦ ተጠቅሜበታለሁ። በዚያ ላይ ፒኮው ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቷል፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ነው፣ ስለዚህ መሬቱ ሁለት ቦታ ታስሯል፤ የምጣዱ ጅረት በእኔ መረብ በኩል መንሸራሸሪያ አግኝቷል። ሁለት ሽቦ የተጠማዘዘበት ኬብል ዘረጋሁ፣ መረቡን በአንድ ጫፍ ብቻ አሰርኩ፣ ሁሉንም በዩፒኤስ ባትሪ አስነሣሁ። መደልደሉ ቀረ። የቀረው የሚታገሡት 50 ሄርዝ ነው።

ኅዳር 8

ለቀረው 50 ሄርዝ እንደ ትዊን-ቲው ያለ ጠባብ ማጣሪያ በኮድ ጽፌ ነበር። ሁልጊዜ አይገጥምም፤ መብራታችን 50 ሄርዝ ነው ይባላል እንጂ ወዲህና ወዲያ ይላል። ሰፋ ሳደርገው የምፈልገውን ይበላል።

ስለዚህ ዊድሮውና ሆፍ ስታንፎርድ ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. ወዳወጡት ዘዴ ሄድኩ። ከትንሽ ትራንስፎርመር የመብራቱን ሞገድ ናሙና ወስጄ በፒኮው በራሱ 12 ቢት መለኪያ አስገባለሁ። ኮዱ ያን ሞገድና አምስት ናሙና ወደኋላ ያለውን ቅጂ ይይዛል። አምስት ናሙና 5 ሚሊሰከንድ፣ የ20 ሚሊሰከንዱ ሞገድ ሩብ ነው። ሁለቱን እየመዘነ ከጂኦፎኑ ይቀንሳል፤ የተረፈው ውስጥ አሁንም 50 ሄርዝ ካለ ሚዛኑን ያስተካክላል። መብራቱ 49.9 ሲሆን ናሙናውም 49.9 ነው። በአሥር ሰከንድ ውስጥ 50 ሄርዙ ሟሟ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ባትሪ ላይ ስለሆንኩ ግድ አልሰጠኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ርዕደ መሬት መስሎኝ ተነሥቼ በር ጋ ደርሻለሁ። ኮዱ ሚዛኑን ሲያስተካክል ለናሙናው ጉልበት ያካፍላል። መብራት ሲጠፋ ናሙናው ዜሮ አጠገብ ወረደ። ለዜሮ አጠገብ አካፍል እንግዲህ! እንዲህ ያለውን ጉድ ለማየት አዲስ አበባ መኖር ያስፈልጋል። አካፋዩ ላይ ትንሽ ቋሚ ቁጥር ጨመርኩ፤ ናሙናው ሲከስምም ሚዛኑ ባለበት እንዲቆም አዘዝኩ።

ኅዳር 15

ሆዳምነት ያዘኝ። ይህ ሁሉ ከወረደ ኦፒ27ስ ለምን አይወርድም? ኤዲኤስ1256 በውስጡ 64 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ አለው። ጂኦፎኑን በቀጥታ ልስካው፣ ቦርዱ ባዶ ይሁን።

በ270 ኦሙ ለካሁ። 160 ናኖቮልት። በኦፒ27 31 ነበር።

አምስት እጥፍ። ናሙና አብዝቼ አማካይ ልወስድ አልኩ። አማካይ መውሰድ ኖይዙን በሥር ነው የሚቀንሰው፤ አምስት እጥፍ ለማካካስ 25 እጥፍ መጠበቅ አለብኝ፤ ያኔ የማየው የመሬት ንዝረት ሳይሆን አማካዩ ብቻ ይሆናል። ኦፒ27 ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ኮድ ወርሷል፤ እሱን ግን የሚወርሰው የለም። ከእሱ በፊት የተቀላቀለው፣ ወይም እሱ ራሱ የቀላቀለው ኖይዝ፣ ከምልክቱ ጋር አንድ ላይ ተጋግሯል።

ኅዳር 17

አንድ ነገር ደግሞ በአናሎግ ሞክሬው የማላውቀው። ጂኦፎኑ ከ10 ሄርዝ በታች እየደከመ ይሄዳል። የድክመቱን ተገላቢጦሽ በኮድ ጻፍኩለትና እስከ 2 ሄርዝ ሳብኩት። በአናሎግ ቢሆን ለዚህ ትልልቅ ካፓሲተር በፈለግን ነበር። ዋጋ አለው፤ 2 ሄርዝ ላይ ምልክቱን 25 እጥፍ ሳነሣ ኖይዙም 25 እጥፍ ይነሣል። ወደ 1 ሄርዝ ብወርድ መቶ እጥፍ ነበር። 2 ላይ ቆምኩ።

ለሙከራ ጎረቤታችንን እትዬን “ቡና ሲወቅጡ አንዴ ይጥሩኝ” አልኳቸው።

“ምነው ልጄ፣ ቡና አማረህ?”

ቡናውም አልቀረም። ሁለት ፎቅ ወደ ታች፣ ሲሚንቶው ላይ፣ እያንዳንዱ የዘነዘና ምት ለየብቻ ይታያል፤ በሰከንድ ሁለት ገደማ፣ ሹል ብሎ ተነሥቶ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛውዞ ይረጋል። መጨረሻ ላይ ምቶቹ ቀለል እያሉ ሲሄዱ ቡናው እንደላመ ከስክሪኑ አወቅኩ። እትዬ ስልኬ ላይ አዩት፤ “እና አሁን መንግሥት ቡና ስንጠጣም ያውቃል ማለት ነው?” አሉ።

ኅዳር 21

ትናንት ማታ መብራት ከአራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ፍሪጅ የለ፣ የውኃ ፓምፕ የለ። 270 ኦሙን አስሬ ዳግመኛ ለካሁ፤ 29 ናኖቮልት። በመሬት ፍጥነት ስመነዝረው፣ ጂኦፎኑ በማይደክምበት ከ10 ሄርዝ በላይ፣ በሰከንድ 1.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጂኦፎኑን መልሼ ሳስረው መስመሩ በብዙ እጥፍ ወፈረ። ማጉያው ከመሬቱ ይልቅ ዝም ብሏል ማለት ነው።

ጠዋት ጋሼ መጡ። የተነቀለውን ዕቃ በቡና ስኒ ሳህን ላይ ከምሬው ነበር። በጣታቸው በተን በተን አድርገው ሰማያዊውን ትሪመር አነሡ፣ እግሮቹን አቃኑና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

“ይኼ የኔ ነው” አሉ። “ቦርዱን ደግሞ እንዲህ ራቁቱን አትተወው። ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቤት አለኝ፤ ከሰዓት ና ውሰድ።”